ዞብል በባጃጅ ጀርባ፦ አምስት ቀን በጎንደር

ሐሙስ

አዘዞ ያረፍነው ረፋድ ላይ ነው። ሁለት ነን። እኔ ካሜራ እይዛለሁ፣ ጓደኛዬ ድምፅ ትቀዳለች። ሥራችን አጫጭር ፊልም ነው፤ ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ፣ ከስድስት በልጦ አያውቅም። የምንወደው ነገር ሁለት ነው፤ ሞተር ስፖርትና የጎዳና ሥዕል። "ሁለቱን ምን አገናኛቸው?" የሚለን ሰው ብዙ ነው።

ከተገናኙ እኮ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 አሌክሳንደር ካልደር የሚባል አሜሪካዊ ቀራፂ አንዲት የውድድር ቢኤምደብሊው በቀለም አሳመረ፤ መኪናዋም ፈረንሳይ አገር ለማን ላይ የ24 ሰዓቱን ውድድር ገባች። በ1979 አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ሌላዋን በገዛ እጁ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀብቶ ጨረሰ። ያቺ መኪና በዚያው ውድድር በአጠቃላይ ውጤት 6ኛ ወጣች። በ2024 ደግሞ ቢኤምደብሊው እንዲህ ሠዓሊዎችን ከሚያስቀባቸው መኪኖች 20ኛዋን የሠራችው አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ናት። ይህን የሰማሁ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ፎቶዋን ሳገላብጥ ነው ያደርኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። እኛ አገር፣ በየቀኑ በምንረግጠው መንገድ ላይ፣ ሞተርና ቀለም የሚገናኙት የት ነው?

ጓደኛዬ ብዙም አላሰበችም። "ባጃጅ" አለች። ጎንደርንም የመረጠችው እሷ ናት።

ከአየር ማረፊያው እስከ ፒያሳ በሚኒባስ መጣን። ዕቃችን ብዙ ስለነበር ከዚያ ወደ ማረፊያችን ባጃጅ ያዝን። የጎንደር ባጃጅ ጀርባው ባዶ አይሆንም። ጥቅስ አለ፣ የታቦት ስም አለ፣ የእንግሊዝ ኳስ ቡድን አርማ አለ፣ "እናት ለዘላለም ትኑር" የሚል አለ። የያዝነው ግን ባዶ ነበር። ሰማያዊ ላሜራ ብቻ፣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ።

"ወንድሜ፣ ያንተ ለምን ባዶ ሆነ?" አልኩት ሹፌሩን።

"ስም አላገኘሁለትማ" አለ። በመስታወቱ አየኝና ቀጠለ። "ዝም ብሎ አይለጠፍም። ስም ነው እኮ።"

ስንወርድ ስልኩን ተቀበልን። አምስቱንም ቀን ይዞን የዞረው እሱ ነው።

ዓርብ

ጠዋቱ በወረቀት አለቀ። የፈቃድ ደብዳቤያችንን ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ገባን፤ ወደ ሌላ ክፍል ላኩን፤ ሌላው ክፍል ወደ መጀመሪያው መለሰን። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይበር ስለምናውቅ ከቤት ይዘን አልመጣንም፣ በዚህ በኩል ተገላገልን። እኔ በበኩሌ ከላይ የተቀረፀ ጎንደር ብዙም አያጓጓኝም። የነገሥታቱን ግንብ ከሰማይ ሆኖ ያሳየ ቪዲዮ ሞልቷል። ግንቡ ሥር ቆሞ የባጃጅ ጀርባ ያሳየ ግን አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ቆመን ባጃጅ መቅረፅ ጀመርን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ፍጥነት መቅረፅ ለሚፈልግ ይጠቅማል። ብዙ ጀማሪ ምስሉ ጥርት እንዲል ብሎ የካሜራውን መዝጊያ ያፈጥነዋል። በሰከንድ አንድ ሺህኛ ላይ ካስቀመጥከው ቸርኬው ቆሞ ይታያል፣ ባጃጁም የሚበር ሳይሆን እዚያው የተተከለ ይመስላል። እኛ በሰከንድ 25 ፍሬም እንቀርፃለን፣ መዝጊያውን አንድ ሃምሳኛ ላይ እናደርገዋለን። ቀን ላይ ብርሃኑ ስለሚበዛ ሌንሱ ላይ ጥቁር ማጣሪያ እንገጥማለን፣ የፀሐይ መነፅር እንደማድረግ ማለት ነው። ከዚያ ከባጃጁ ጋር እኩል መዞር ነው። ምስጢሩ እግር ላይ ነው ያለው። እግርህን የምትተክለው ባጃጁ ወደሚደርስበት አቅጣጫ ነው፤ ወገብህን ወደሚመጣበት አዙረህ ትጠብቀዋለህ፤ ሲያልፍ ሰውነትህ እየተፈታ ይከተለዋል። በትክክል ከሆነልህ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ከኋላው ያለው የግንብ ድንጋይ ግን እንደ ውኃ ይፈሳል። ከአርባ ሙከራ ስድስቱ ሆነልን። ለእኔ ይህ ጥሩ ቀን ነው።

ያነበብናቸውን ጥቅሶች ጓደኛዬ በደብተሯ ጽፋለች። "ጊዜ ለኩሉ።" "ሁሉም ያልፋል።" "አትቅና ሥራ።" "ስም ከመቃብር በላይ።" ግማሾቹ በኮምፒውተር ተቆርጠው የተለጠፉ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን በእጅ የተጻፉ ነበሩ፣ ከሩቅ ይለያሉ። የ"ሁ" እግር ከ"ሉ" እግር እኩል አይደለም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል። "ይህን ማን ጻፈልህ?" ብለን ሦስት ሹፌሮችን ጠየቅን። ሦስቱም አንድ ሽማግሌ ጠቆሙን።

ጥቅሶቹን ሳነብ ቆይቼ የፈረስ ስም ትዝ አለኝ። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፣ ስሙም በፈረሱ ኮቴ አገር ለአገር ይዞራል። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ አንድ ተላላኪ ልጅ ነበር። ቅፅል ስሙንና የሚኖርበትን ጎዳና ቁጥር አጋጥሞ "ታኪ 183" እያለ በደረሰበት ሁሉ ይጽፍ ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ እሱ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ግድግዳና ባቡር ላይ የሚጽፍ ወጣት በዛ። ዛሬ የጎዳና ሥዕል ሲባል ታሪኩን ከዚያ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ጎንደር ቆሜ ሳስበው፣ ስምን በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አድርጎ አገር ማዞር ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። እኛ ጋ ፈረስ ላይ ነበር፣ አሁን ባጃጅ ላይ ነው። ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት ድምፅ መቅጃውን ዘጋችና "ፊልሙ ይኸው ነው" አለች።

ሹፌራችን ሰምቶን ኖሯል። ምንም አላለም። አሥር ሰዓት ገደማ ግን "አንድ ቦታ ላሳያችሁ" ብሎ ወደ ፋሲል መዋኛ ወሰደን። ገንዳው ባዶ ነበር። ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚገባለት ለጥምቀት ነው። የዛፎቹ ሥር አጥሩን እንደ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። እሱ ግን ገንዳውን አልነበረም ያሰበው። እዚያው አካባቢ ያለች ትንሽ ባለ ጉልላት ቤት ዘንድ አደረሰን።

"የዞብል መቃብር ናት ይላሉ" አለ። "የንጉሥ ፈረስ ነበር።"

ጫማውን መሬት ላይ እያሻሸ ትንሽ ቆመ። "ለፈረስ ቤት ሠሩለት እኮ።"

ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። አሁን ሳስበው ልክ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ባወጣው ኖሮ ልጁ ለካሜራ ማውራት ይጀምር ነበር።

ቅዳሜ

ሽማግሌውን አራዳ በኩል አገኘናቸው። ሱቃቸው አንድ በር ብቻ ናት። ግድግዳው የፀጉር ቤት፣ የጠጅ ቤትና የጎሚስታ ማስታወቂያ ናሙና ተሸክሟል። የመቀስ ሥዕል፣ የብርሌ ሥዕል፣ የጎማ ሥዕል። "ጋሼ፣ ፊልም ልንሠራ ነው" ስንላቸው በርጩማ አወጡልን። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ፊልም አላነሳንም። ቡና ተጠጣ። የአዲስ አበባ ኑሮ ተጠየቀ። የጓደኛዬ ወላጆች ከየት እንደሆኑ ተጣራ።

ከእሳቸው ሱቅ ጎን ጋራዥ አለ። ጓደኛዬ እዚያ ገብታ የመካኒኮቹን ድምፅ ስትቀዳ ዋለች። ካንዴላ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጎንደር የጣሊያን ጦር አገራችን ውስጥ መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠባት ከተማ ናት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1941። ሰው ሲመጣ የሚያየው ፒያሳ ላይ የቀሩትን ሕንፃዎች ነው። የቀረው ግን ጋራዡ ውስጥም አለ፣ ዘይት የነካው እጅ ሁሉ በየቀኑ ይጠራዋል። አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ተለማማጅ ከባጃጅ ሥር ተኝቶ "ካንዴላ አቀብለኝ!" ሲል የተቀዳው ድምፅ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ሹፌራችን ባጃጁን አምጥቶ በሩ ላይ አቆመ። ስም አግኝቷል።

"ዞብል በሉልኝ።"

ሽማግሌው ብሩሽ እየመረጡ ቀና አሉ። "አባ ዞብል?"

"የለም፣ አባ የሚባለው ጌታው ነው። እኔ ገና ነኝ። ፈረሱ ይበቃል፤ ዞብል።"

ሽማግሌው ልጁን ትክ ብለው አዩት። "ደግ" አሉ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ።

አሠራራቸውን ከቅርብ ነው የቀረፅኩት፣ ሌንሱ ከእጃቸው አንድ ስንዝር ብቻ ቢርቅ ነው። በኋለኛው መስኮት ሥር ያለውን ላሜራ መጀመሪያ በአሸዋ ወረቀት ፈተጉት። አዲስ ቀለም የሚጣበቀው ለስላሳ ነገር ላይ ሳይሆን ትንሽ የተጫረ ነገር ላይ ነው። በጨርቅ ጠረጉት። ቀጭን ክር ኖራ ውስጥ ነክረው አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ፣ ወጥረን ያዝነውና በጣታቸው ሳብ አድርገው ለቀቁት። ጠብ! ላሜራው ላይ ነጭ መስመር ተኛ። ሁለተኛ መስመር ከላይ። በቃ፣ ሌላ ንድፍ የለም። እርሳስም አልያዙም።

ብሩሹ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ጫፉን ግን ራሳቸው በምላጭ ከርክመውታል። የዘይት ቀለሙን በቲነር አቅጥነው ጣሳው ጠርዝ ላይ ብሩሹን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ትንሿን ጣት ላሜራው ላይ ተከሉ። እጁ የሚደገፈው እሷ ላይ ነው፤ ሌላው ጣት ሁሉ በእሷ ዙሪያ ይዞራል። የዚያች ጣት ጥፍር ከሌሎቹ ይልቅ ያለቀች ናት። ከዚያ ትንፋሻቸውን አወጡ፣ ያዙ፣ ሳቡ። አንድ የፊደል እግር በአንድ ትንፋሽ። የ"ዞ"ን ቀለበት ሲያዞሩ መላ ክንዳቸው ነው የዞረው፣ የእጅ አንጓቸው ንቅንቅ አላለም። ይህን ሳይ ያሰብኩት ስለ ባጃጅ አቀራረፄ ነው። እሳቸውም የሚያዞሩት ወገባቸውን ነው፣ እኔም።

ስለ ተለጣፊው ጠየቅኳቸው። ምሬት አልነበራቸውም። "ዋጋው ይረክሳል፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ልጆቹ ምን ያድርጉ" አሉ። "ግን ፀሐይ ሲበላው ይላጣል። የእኔ ይደበዝዛል እንጂ አይላጥም።" የጁሊ ምሕረቱን መኪና ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። እሱም ከትልቅ ሥዕሏ ተወስዶ፣ ታትሞ፣ መኪናው ላይ እንደተለበጠ ነገርኳቸው፤ ትንሽ ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ቆዩና "መጀመሪያ በእጇ ሥላዋለች?" አሉኝ።

"አዎ፣ ሸራ ላይ።"

"እንግዲያው የሷ ነው። እጅ ከነካው የሰው ነው።"

ዞብል ተጽፎ ያለቀው እኩለ ቀን ላይ ነው። እሳቸው ግን አልጨረሱም። "ከሥሩ ዓይን እሠራለታለሁ፣ ሁለት። ባጃጅን ሰው የሚያየው ከኋላ ነው፤ የሚከተለውን የሚያይ ዓይን ይኑረው" አሉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ግን እስከ ሰኞ አቧራ እንዳይነካው አዘዙ። "ነገ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱና ዓይን ምን እንደሆነ አይታችሁ ኑ።"

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። የጣሪያው መላእክት ከመቶ በላይ ናቸው፣ ፊትና ክንፍ ብቻ። ሁሉም ወደ ታች ያያሉ፣ ግን አንድ ቦታ አያዩም፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሰረቅ ያደርጋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ግን በአንድ ጎኑ፣ አንድ ዓይን ብቻ ይዞ። ሽማግሌው "ሁለት" ያሉት ለዚህ ነው። በብልጭታ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ መሆንም አለበት፤ ቀለሙን ይጎዳዋል። እኛ ጭራሽ አልቀረፅንም። ቆመን አየን።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዘዞ ተመለስን። ዞብል እየደረቀ ስለሆነ ሹፌራችን በሞተር ነው የመጣው። እስካሁን አልነገርኳችሁም፤ ልጁ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ሞተር ይጋልባል። ከአዘዞ ወጣ ብሎ ያለ ጭው ያለ ሜዳ ላይ በኖራ መስመር አስምረው፣ ያረጀ ጎማ መታጠፊያው ላይ አስቀምጠው ሰዓት እየተያዘላቸው አንድ በአንድ ይሮጣሉ። ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። አስፋልት ላይ የሚሽቀዳደም ልጅ እነሱ ዘንድ ቦታ የለውም። ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። እኛም የራሳችን ሕግ አለን፤ መንገድ ላይ የሚደረግ እሽቅድምድም አንቀርፅም። ሰው የሚሞትበትን ነገር ማሳመር አልፈልግም።

አምስት ልጆች ናቸው፣ ሄልሜት ግን ሁለት ብቻ። አንዱ ዙሩን ሲጨርስ አውልቆ ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ በሻሹ ውስጡን ይጠርግና ያጠልቃል። ያለ ሄልሜት ማንም አይነሳም፣ ወረፋ ይጠብቃል። አንደኛው ሄልሜት ውስጥ፣ ግንባር በሚነካው በኩል፣ በእስክሪብቶ አምስቱም ስማቸውን ጽፈዋል። ላቡ አደብዝዞታል፣ ሁለቱ ብቻ ይነበባሉ።

ስለ ሞተሮቹ ሲያወሩ መስማት ትምህርት ቤት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል። ሞተር ደግሞ የሚነደው ነዳጅና አየር ተቀላቅሎ ነው፤ አየሩ ሲቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ እዚህ ከፍታ ላይ ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ነዳጁ ካልተመጠነለት ደግሞ ጭስ ያበዛል፣ ይታፈናል። ከልጆቹ አንዱ ካርቡራተሩን ፈትቶ ነዳጅ የምታሳልፈውን ቀዳዳዋን ቁራጭ በጠበበች ቀይሯታል። ማንም አላስተማረውም፤ ጆሮው ነው። ሞተሩን አስነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ጓደኛዬ እሱን ስታይ የራሷን ጆሮ ማዳመጫ አውልቃ አጠለቀችለት። ልጁ የሞተሩን ድምፅ በማይክ ሲሰማ ፊቱ በራ። "ቫልቩ ይሰማል!" አለ።

ስልካቸው ውስጥ ያለው ሳፋሪ ራሊ የሚባለው የመኪና ውድድር ነው። ኬንያ ናይቫሻ፣ አቧራው፣ ጭቃው። ያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀመር ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ታንጋኒካን ያካልል ነበር፤ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ተመልሷል። "ጎረቤት አገር እኮ ነው" ይላል ሹፌራችን ደጋግሞ። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቅናት የለም፣ ርቀቱን የሚለካ ሰው ድምፅ ነው።

ለመቅረፅ የቆምኩት በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ነው። በውጭ በኩል መቆም አይገባም፤ ሞተር ሲያመልጥ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው። ጓደኛዬ አንድ ትንሽ ማይክ ከሹፌራችን ጃኬት ውስጥ፣ ጀርባው ላይ ለጠፈችለት፤ ነፋሱ የሚያርፈው ደረቱ ላይ ስለሆነ ጀርባው ጋ ማርሚታው ጥርት ብሎ ይሰማል። ሁለተኛውን ማይክ ጎማው አጠገብ ተከለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አቧራው ወርቅ መሰለ፣ እሱም ያን ቀን ከሁሉ የፈጠነውን ዙር ዞረ። መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፣ በጉልበቱ ወደ መሬት አዘመመ፣ ቀና አለ፣ ነዳጁን ሰጠ፣ ሄደ። ወገቤ ከእሱ ጋር ዞረ። እንደዚያ ያለ ምስል በዓመት አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው።

ማታ ማረፊያችን ገብተን ፋይሎቹን ስንከፍት አይከፈቱም። ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ምስሉ ግን የለም። ከጉዞው በፊት የገዛነው አዲስ ሚሞሪ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ ግን የዚያን ሩብ እንኳ አይዝም። እንዲህ ያለው የሐሰት ካርድ ሲሞላ አይናገርም፤ እየተቀበለ የሚመስል ሆኖ ያለውን ይደመስሳል። ከየት እንደገዛነው አልናገርም። አዲስ ካርድ የሚገዛ ሰው ግን እባካችሁ፣ ከሥራ በፊት ሙሉውን ሞልታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት፣ አንድ ሌሊት ነው የሚፈጀው። እኔ ይህን አውቅ ነበር፤ ስለቸኮልኩ አላደረግኩም። የሜዳው ምስል በሙሉ ጠፋ። እሑድ ደግሞ በሳምንት አንዴ ነው፤ ልጆቹ ሰኞ ሥራ አላቸው፣ እኛም ማክሰኞ ማለዳ እንሄዳለን።

ጓደኛዬ ረጅም ሰዓት ዝም አለች። ከዚያ የራሷን መቅጃ ከፈተችና ድምፁን አሰማችኝ። መብራቱን አጠፋን። የኋላ ጎማው ሲንሸራተት፣ ጠጠሩ ሲረጭ፣ ማርሚታው ሲያጓራ፣ ሩቅ ሄዶ ሲመለስ፤ አንድም ነገር አልጎደለም። ሦስት ጊዜ ሰማነው። በሦስተኛው ላይ በጨለማው ውስጥ የታየኝ ሞተሩ አልነበረም፤ የሽማግሌው ትንሿ ጣት ናት።

ሰኞ

ሹፌራችን ስለ ካርዱ ስንነግረው የራሱ ጉዳይ የጠፋ ያህል አዘነ፣ ወዲያው ግን "ድምፄ ግን አለ?" አለ። አለ አልነው። "ይበቃል" አለ፣ ወደ አራዳም ወሰደን።

ሽማግሌው ዓይኖቹን የሠሩት በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ነጩ፣ እንደ ለውዝ ቅርጽ። ነጩ እስኪያዝ ድረስ ቁጭ አልን፣ ቆሎ ተበላ። ከዚያ ጥቁሩ ዙሪያ፣ ከዚያ ብሌኑ። ብሌኑን መሃል ላይ አላስቀመጡትም፤ ሁለቱንም ትንሽ ወደ ግራ አደረጓቸው። "ለምን?" ስላቸው "የሚቀድመው በግራ አይደለም የሚመጣው?" አሉኝ። ከጣሪያው መላእክት አንዱ ወደ ግራ ሲያይ ትዝ አለኝና ሳልናገር መቅረፄን ቀጠልኩ። የቀረፅኩት ያችን ጣት፣ የብሩሹን ጫፍ፣ ትንፋሻቸው የሚቆምበትንና የሚለቀቅበትን ነው። ካሜራው እንዳይንቀሳቀስ እንደ እሳቸው የራሴን ትንሽ ጣት ላሜራው ላይ ተክዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እዚያው በርጩማቸው ላይ ተቀምጬ በላፕቶፕ አቀናበርኩት። የእሑዱን የሞተር ድምፅ ከሰኞው ብሩሽ ሥር አስገባሁት። ማርሚታው ሲያጓራ ብሩሹ ይነሳል። ጎማው ሲንሸራተት ብሩሹ የዓይኑን ኩርባ ይዞራል። ሞተሩ አንዴ እንኳ አይታይም። ዓርብ የቀረፅናቸው ባጃጆች መሃል ላይ ያልፋሉ፣ ግንቡ እንደ ውኃ እየፈሰሰ። ካርዱ ባይበላሽ ኖሮ ይህን አልሠራውም ነበር፤ የሞተሩን ምስል እንደ ማንኛውም ሰው አስገባና ረካሁ ብዬ እመጣ ነበር።

ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሆነ። ለሽማግሌው አሳየናቸው። ሹፌራችን ከኋላቸው ቆሞ፣ የራሱን ሞተር በሰማ ቁጥር ቀኝ እጁ ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው ይጠመዘዛል። ፊልሙ ሲያልቅ ሽማግሌው መነፅራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉ።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ግን መጨረሻ ላይ ብሩሹ ሳይነሳ ለምን ቆረጣችሁት? ቀለም የሚያልቀው ብሩሽ ሲነሳ ነው እኮ፣ ሲያርፍ አይደለም።"

ጓደኛዬና እኔ ተያየን። ላፕቶፑን መልሼ ጭኔ ላይ አደረግኩና መጨረሻውን ከፈትኩት። አራት ሰከንድ ጨመርኩ። በአራቱ ሰከንድ ውስጥ ብሩሹ ከላሜራው ይነሳል፣ ሽማግሌው ይተነፍሳሉ፣ ሞተሩም የአዘዞ ሜዳ ጫፍ ደርሶ ይዞራል።